ይድረስ ለእድርና ለእቁብ ሰብሳቢዎቻችን፦ ፖለቲካችን ሰፈራችንንም ይወቅ

የተከበራችሁ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትገኙ የእድር፣ የእቁብና የማኅበር ሰብሳቢዎች፤ ውድ ወገኖቼ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር፣ በነርስነት የምሠራ፣ ልጆች የማሳድግ፣ የእድርም የእቁብም አባል የሆንኩ እህታችሁ ነኝ። ጉዳዬ ፖለቲካ ነው። «ደግሞ ፖለቲካ!» ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ እላለሁ። ማን ልክ ነው፣ ማን ተሳሳተ የሚለውን ክርክር አላነሳም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ለአገር ቤት ፖለቲካ የምንሰጠው ጉልበት፣ ጊዜና ፍቅር፣ ከፊሉ ወደምንኖርበት ሰፈር አስተዳደር ይምጣ፤ በሩንም እናንተ ክፈቱልን። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ምርጫ 97ንና የአገር ቤት አዋጆችን ብቻ ሁላችንም እንደለመድነው በእኛው አቆጣጠር ጠርቻቸዋለሁ።

የቤታችንን ወግ እናንተም ታውቁታላችሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል። አቦሉ ላይ የልጆች ጤንነት ይጠየቃል፤ የማን ልጅ ኮሌጅ እንደገባ ይወራል። ቶናው ላይ የዶላር ምንዛሬ ይነሳል። በረካው ሲቀዳ ምርጫ 97 ላይ ደርሰናል። በዚያ ዓመት የተወለዱ ልጆች ዛሬ የሚመርጡበት ዕድሜ ላይ ናቸው፤ እኛ ግን የዚያን ጊዜውን ቆጠራ ትናንት እንደተካሄደ አድርገን እንተርከዋለን። ድምፅ ከፍ ይላል። አንዱ ተነሥቶ ጫማውን ከበሩ ሥር መፈለግ ይጀምራል። የቤቱ እመቤት «በሞቴ፣ ቆሎውን እንኳ ሳትቀምስ?» ብላ እጁን ይዛ ታስቀምጠዋለች። እሱም ይቀመጣል፤ ቆሎውን ይቆረጥማል፤ ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል።

የቤተ ዘመዱ የቴሌግራም ግሩፕም ከዚህ አይለይም። ጠዋት አያት ምርቃት ይልካሉ። እኩለ ቀን ላይ አጎት የአንድ ሰዓት የፖለቲካ ትንታኔ ይለጥፋል። ማታ የአክስት ልጅ ተቆጥቶ ከግሩፑ ይወጣል። በማግስቱ ታላቅ እህቱ መልሳ ታስገባዋለች፤ አያትም አጎትዬውንና ልጁን አንድ ላይ ይመርቃሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ሳቄም ይመጣል። በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል ቤተሰባችን ያልተበተነው እንዲህ የሚመልሱ እህቶችና እንዲህ የሚመርቁ አያቶች ስላሉን ነው።

ክርክሩን የወለደው ፍቅርና ጭንቀት መሆኑን አውቃለሁ። በኖቬምበር 2020 የጀመረው የትግራይ ጦርነት በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቋጭ ድረስ፣ ስልክ ተቋርጦባቸው የእናታቸውን ድምፅ ለወራት ያልሰሙ ሰዎች ከእኛው ጋር በአንድ ፈረቃ እየሠሩ ነበር። በአማራና በኦሮሚያ ዘመድ ያለው ሰው ዛሬም ስልኩ ሌሊት ሲጮህ ልቡ ይደነግጣል። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ ያን ክረምት እዚህ ያለነው «ምን ያህል እንላክ?»፣ እዚያ ያሉት «ዘይቱን በስንት እንግዛ?» እያልን ከረምን። ስለዚህ «የአገር ቤቱን ተዉት» የሚል ምክር ከእኔ አፍ አይወጣም። እናት፣ ወንድምና የአባት መቃብር ያለበትን አገር የሚተው ልብ የለንም፤ ሊኖረንም አይገባም።

ይሁን እንጂ ልናየው የሚገባ እውነት አለ። ብዙዎቻችን የአሜሪካ ዜግነት ወስደናል። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያኖራል፣ ያሠራል፤ መምረጥንና መመረጥን ግን አይጨምርም። ስለዚህ በረካው ላይ ከምንከራከረው ውስጥ ዜግነት የወሰድነው እዚያ ድምፅ የለንም። እዚህ ግን አለን፤ ከሴናተርም ከቢሊየነርም ድምፅ እኩል የሚቆጠር ሙሉ ድምፅ። ስለዚህኛው ድምፃችን ለመመካከር ተብሎ የተፈላ ቡና ግን እስካሁን አላየሁም።

እናቴ ከጎንደር ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ፣ እንግዶች በተሰበሰቡበት «እናንተ ልጆች፣ የዚህ ቀበሌ ሊቀመንበር ማን ይባላል?» ብላ ጠየቀች። እናቴ በሰፈሯ ሊቀመንበሩን፣ የእድሯን ዳኛ፣ ጡሩምባ ነፊውንና የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ከነልጆቻቸው ስም ታውቃለች። ውኃ ሲጠፋ ማን ዘንድ እንደሚኬድ፣ መብራት ሲቋረጥ ለማን አቤት እንደሚባል ጠንቅቃ ታውቃለች። ሳሎኑ ጸጥ አለ። የኢትዮጵያን ሚኒስትሮች ከነምክትሎቻቸው በስም የሚጠሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። መልሱ የመጣው ምንጣፉ ላይ የቤት ሥራዋን ከምትሠራው ልጄ ነበር። «እማማ፣ እዚህ ቀበሌ የለም፤ ካውንቲ ነው ያለው። የካውንቲ አስተዳዳሪ አለ፣ 11 የምክር ቤት አባላት አሉ፣ የትምህርት ቦርድም አለ» ብላ በጣቷ ቆጠረችላት። ቀጥላም የምንኖርበት የሞንትጎመሪ ካውንቲና የጎንደር ከተማ ከ2012 ጀምሮ እህትማማች መሆናቸውን ነገረቻት። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «ታዲያ ዘመዶች ነን እኮ! በሉ ነገ ውሰዱኝ፤ የመንገዱ መብራት ለምን እንደማይበራ ሰውየውን እጠይቀዋለሁ» አለች።

ልጄ ይህን ሁሉ የምታውቀው መራጭ ስለሆነች ነው። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለትምህርት ቦርዱ አንድ የተማሪ አባል ይመርጣሉ፤ የተመረጠውም ተማሪ በቦርዱ ስብሰባ ላይ ድምፅ ይሰጣል። ልጆቻችን ገና የወተት ጥርሳቸውን ሳይጨርሱ እጩ ያወዳድራሉ፤ «የምሳ ሰዓቱን ማን ያራዝመዋል? የአውቶቡሱን ነገር ማን ያስተካክለዋል?» ብለው ይከራከራሉ። የዚያኑ ቦርድ ሌሎች አባላት የምንመርጠው እኛ ወላጆች ነን። የትኛው ልጅ የት ትምህርት ቤት እንደሚመደብ፣ የአውቶቡሱ መስመር በየት እንደሚያልፍ፣ ስንት መምህር እንደሚቀጠር የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። ምርጫው ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት ጭምር ይካሄዳል። የካውንቲው አስተዳዳሪና ምክር ቤቱማ የሚመረጡት እንዲያውም በዚያው ጸጥ ባለው ዓመት ነው፤ በ2018፣ በ2022፣ በ2026። ቴሌቪዥኑ ስለማይጮህበት ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፋል።

«ሰፈሩ ምን ያደርግልኛል?» ለሚለኝ ወገኔ ከኪሳችንና ከጓዳችን ልጀምርለት።

ከቤት ኪራይ እንነሣ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ሕጉ በሚመለከታቸው ቤቶች ላይ ዓመታዊው የኪራይ ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጓል፤ የዋጋ ንረቱ ዝቅተኛ ሲሆን ጭማሪው ከዚያም ያንሳል። አዳዲስ ሕንጻዎችን የመሳሰሉ ከሕጉ ውጭ የሆኑ ቤቶች አሉ። ይህን ሕግ የሚያውቅ ተከራይ የጭማሪው ደብዳቤ ሲደርሰው ከተፈቀደው ማለፍ አለማለፉን አስልቶ ይጠይቃል። ሕጉን የማያውቀው ይከፍላል፤ ወይም ልጆቹን ከትምህርት ቤታቸው ነቅሎ ሌላ ቤት ይፈልጋል። ሕጉን ያወጡት በሰፈራችን ድምፅ የተመረጡ ሰዎች ናቸው፤ ነገም ሊያጠብቁት ወይም ሊያላሉት የሚችሉት እነሱው ናቸው።

ታክሲንም እናንሣ። በ2008 ዋሽንግተን ዲሲ የታክሲ ዋጋን ከዞን ወደ ሜትር ስትቀይር ጉዳዩ የነካቸው አብዛኞቹ ሾፌሮች ስደተኞች ነበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ናቸው። ሾፌሮቹ ሥራ አቁመው እስከመሰለፍ ደረሱ። የከተማ አስተዳደር በአንድ ፊርማ የሰውን የዕለት ገቢ እንዴት እንደሚለውጥ ያኔ አይተዋል። የዛሬዎቹ የኡበርና የሊፍት ሾፌሮችም ይህን ታሪክ ከታላላቆቻቸው ቢሰሙ ይጠቅማቸዋል።

ሐዋላም አለ። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደርና በመሳሰሉት ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ የ1 በመቶ ቀረጥ ጥሏል፤ ከባንክ ሒሳብ ወይም በዴቢት ካርድ የሚላከው ከቀረጡ ነፃ ነው። ረቂቁ መጀመሪያ ሲቀርብ ቀረጡ 5 በመቶ ነበር፤ በኋላ ወደ 3.5 በመቶ፣ በመጨረሻም ወደ 1 በመቶ ወረደ። ለእናቱ 200 ዶላር በጥሬ ገንዘብ የሚልክ፣ ዜግነት ያልወሰደ ልጅ 10 ዶላር ሊከፍል ነበር፤ አሁን 2 ዶላር ይከፍላል። ረቂቁ ሲመላለስ በነበረባቸው ሳምንታት ለተወካዩ ቢሮ መደወል የሚችል መራጭ በየቤታችን ነበር። የኮንግረስ አባል ቢሮ ስልክ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው አድራሻ ነው፤ የራሳቸው መራጭ መሆናችንን ለማወቅ ነው የሚጠይቁት።

ተደራጅተን ስንቀርብ እንደምንሰማም ታሪካችን ይመሰክራል። በ2002 የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በፌርፋክስ አቬኑ ላይ ያለውን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። በ2004 የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አወጣ፤ በዚህም ሕግ መሠረት አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። በ2018 ኤች አር 128 የተባለው፣ የኢትዮጵያን ሰብዓዊ መብት አያያዝ የሚመለከተው የውሳኔ ሐሳብ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። የውሳኔ ሐሳቡን ከገፉት አንዱ የኮሎራዶው ተወካይ ማይክ ኮፍማን ነበሩ፤ በምርጫ ክልላቸው በአውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በውሳኔው የተደሰተም ያዘነም ከመካከላችን አለ፤ ያን ለየራሳችን እንተወው። የሁላችንም የሆነው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ ለአገር ቤት የምንጨነቅበት ነገር እንኳ መፍትሔ የሚያገኘው በሰፈራችን የምርጫ ጣቢያ በኩል ሲያልፍ ነው።

ሰዎቹም አሉን። በጋምቤላ ተወልዶ፣ በኬንያ የስደተኞች ካምፕ ኖሮ ወደ አሜሪካ የመጣው ኦባላ ኦባላ በ2020 በሚኒሶታ የኦስቲን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ፤ ዜግነት ካገኘ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በእስራኤል ደግሞ በሦስት ዓመቷ በሙሴ ዘመቻ ወደዚያ የተወሰደችው ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2013 ክኔሴት በመግባት የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ተወላጅ ሴት ሆናለች፤ በ2020 ደግሞ የስደተኞች ቅበላ ሚኒስትር ሆነች። በአገር ቤትም ታስራ የነበረችው፣ ተሰድዳ በአሜሪካ የኖረችው ብርቱካን ሚደቅሳ በ2018 ተመልሳ የኢትዮጵያን የምርጫ ቦርድ መርታለች። ሁለቱ ሴቶች መሆናቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ለእናንተ የምጽፍላችሁ የማደራጀት ችሎታችሁን ስለማውቅ ነው። ሰው ሲያርፍ በአንድ ሌሊት ስልክ ትደዋወላላችሁ፣ ገንዘብ ታሰባስባላችሁ፣ አስከሬን በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ አዲስ አበባ ትሸኛላችሁ፣ ለሐዘንተኛው ቤት እንጀራና ወጥ ተራ ትመድባላችሁ። እቁባችሁ በእምነት ብቻ ብዙ ሺህ ዶላር ያንቀሳቅሳል፤ የደረሰው ሰው ቤት ይገዛበታል፣ ሱቅ ይከፍትበታል። ይህን ያህል መደራጀት የሚችል ሕዝብ በምርጫ ጣቢያ በር ላይ ሲጠፋ ያሳዝነኛል።

አንደኛ፣ በየዓመታዊ ስብሰባችሁ አንድ ጠረጴዛ ለመራጮች ምዝገባ መድቡልን። በሜሪላንድ ወጣቶች ከ16 ዓመታቸው ጀምረው ቀድመው መመዝገብ ይችላሉ፤ በዋናው ምርጫ የሚመርጡት 18 ዓመት ሲሞላቸው ነው። ያልተመዘገበ ዜጋ በምርጫው ቀን እዚያው ጣቢያው ተመዝግቦ መምረጥ ይችላል። በቨርጂኒያ ከምርጫው ቀን 45 ቀናት አስቀድሞ ድምፅ መስጠት ይጀመራል፤ የቅዳሜና የእሑድ ፈረቃ የሚሠራ ሰው ጊዜ አጣሁ የሚልበት ምክንያት አይኖረውም። ለእድራችሁ የሚበጀው ማንንም እጩ ሳይደግፍ ማስመዝገብ ብቻ ነው፤ በ501 ሲ 3 የተመዘገቡ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ፓርቲንም ሆነ እጩን መደገፍ ሕጉ ይከለክላቸዋል፤ አባሎቻቸውን ያለ ወገንተኝነት ማስመዝገብ ግን አይከለክላቸውም።

ሁለተኛ፣ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ለዜግነት አብቁልን። ብዙዎቹ «እንግሊዝኛ አላውቅም» ብለው በግሪን ካርድ ያረጃሉ። ዕድሜያቸው 55 ዓመት ሞልቶ በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 50 ዓመት ሞልቶ 20 ዓመት የኖሩ ሰዎች ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ናቸው፤ የታሪክና የመንግሥት አስተዳደር ጥያቄውን በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ በአስተርጓሚ መመለስ ይችላሉ። 65 ዓመት ሞልቷቸው 20 ዓመት ለኖሩት ደግሞ ጥያቄው ራሱ ቀለል ያለ ነው። ወንጌልና ዳዊት፣ ወይም ቁርአን በቃሏ የምትወጣ እናት የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ጥያቄዎች ሊያቅቷት አይችሉም። የሚያስጠናት የልጅ ልጅ ብቻ ፈልጉላት፤ አያትና የልጅ ልጅ አብረው ሲያጠኑ ቤት ውስጥ የሚሰማውን ሳቅ እመሰክራለሁ።

ሦስተኛ፣ ማንበብ የሚያዳግታቸውን መራጮች ብቻቸውን አትተዉአቸው። በፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ መሠረት፣ በዓይን ሕመም፣ በአካል ጉዳት ወይም ማንበብ ባለመቻል ርዳታ የሚያስፈልገው መራጭ የሚያምነውን ሰው ይዞ ወደ ድምፅ መስጫው መግባት ይችላል፤ የማይፈቀድለት አሠሪውን፣ የአሠሪውን ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሩን ኃላፊ ወይም ተወካይ ይዞ መግባት ብቻ ነው። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የእድር ጓደኛ ሊረዳ ይችላል። ሰው ወደ ሐኪም ቤት ስናደርስ የኖርን ሰዎች ወደ ምርጫ ጣቢያ ማድረስ አይከብደንም።

አራተኛ፣ ዜግነት ያልወሰዱ ወገኖቻችንን ከአደጋ ጠብቁልን። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራልም ሆነ በክፍለ ግዛት ምርጫ መምረጥ አይችልም፤ ቢመርጥ እስከ መባረር ሊያደርሰው ይችላል። በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ፎርም ሲሞላ «በመራጭነት መመዝገብ ትፈልጋለህ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ሳያነብ «አዎ» ብሎ የሚያልፍ ሰው ራሱን ለከባድ ችግር ያጋልጣል። ጎረቤታችን የታኮማ ፓርክ ከተማ ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ለከተማዋ ምክር ቤት እንዲመርጡ ትፈቅዳለች፤ ዋሽንግተን ዲሲም በ2022 ባወጣችው ሕግ ለከተማ ምርጫ ብቻ ፈቅዳለች። እዚያም ቢሆን የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለበት ሰው ጠበቃ ሳያማክር አይመዝገብ። ይህን ማስታወቂያ በእያንዳንዱ ስብሰባ በየቋንቋችን አንብቡልን።

አምስተኛ፣ ማይኩን ለሴቶችም ስጡ። በስብሰባዎቻችን ላይ ማይኩ በወንዶች፣ ምጣዱ በሴቶች እጅ ሆኖ ኖሯል። የሰፈሩን ጉዳይ በቅርብ የሚያውቁት ግን ሴቶቻችን ናቸው። የትኛው ክሊኒክ አስተርጓሚ እንዳለው፣ የትኛው አውቶቡስ እንደሚዘገይ፣ የትኛው መዋዕለ ሕፃናት ክፍያውን እንደጨመረ፣ የትኛው የአረጋውያን ማቆያ ሠራተኛ እንዳጣ ጠይቋቸው፤ አንድ በአንድ ይነግሯችኋል። ፕኒናንና ብርቱካንን የማነሣው ለዚህ ነው። በየቤታችን እንደነሱ መምራት የሚችሉ ሴቶች አሉን፤ ዕድሉን እንስጣቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ የሰፈር ጉዳይ ዘገባ የምታቀርብ አንዲት እናት አዘጋጁ፤ ወጡን ለዚያ ቀን ወንዶች ይሥሩት፤ ጨው ቢበዛበትም በደስታ እንበላዋለን።

ስድስተኛ፣ ልጆቻችንን በክርክራችን አናስበርግጋቸው። ልጅ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀው የሚጮኹ አዋቂዎችን ብቻ ከሆነ ከአገሩም ከቋንቋውም ይሸሻል። የአያቶቹን ታሪክ ንገሩት፤ ጎንደርና ሞንትጎመሪ፣ አዲስ አበባና ዋሽንግተን እህትማማች መሆናቸውን አስረዱት፤ ከዚያም ወደ ካውንቲው ምክር ቤት ስብሰባ ይዛችሁት ሂዱ። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። አባቱ ወይም እናቱ በአነጋገራቸው ሳያፍሩ ሁለት ደቂቃ ቆመው ስለ መንገድ መብራት ሲናገሩ ያየ ልጅ ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተወለደ አይጠፋበትም።

በመጨረሻ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ፖለቲካ እድራችንን አይክፈለው። በማናቸውም ጎራ ያለ ሰው ሲሞት የሚቀብረው እድሩ ነው፤ በማናቸውም ጎራ ያለች እናት ስትወልድ ገንፎዋን የሚያገነፉላት ጎረቤቶቿ ናቸው። በለቅሶ ቤት የፖለቲካ ንግግር አይደረግ፤ የሐሳብ ልዩነት ያለው አባል ከእቁብ አይገለል። በሰፈር ጉዳይ አብረን መሥራት ስንጀምር በሌላውም ለመደማመጥ ይቀለናል። ትግርኛ ተናጋሪው፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው፣ አማርኛ ተናጋሪው፣ ጉራጌው፣ ሶማሌው በአንድ ሕንጻ ውስጥ ተከራይተናል፤ ኪራይ ሲጨምር በሁላችንም ላይ እኩል ይጨምራል፤ አውቶቡስ ሲቀር የሁላችንም ልጆች ብርድ ላይ ይቆማሉ።

የተከበራችሁ ሰብሳቢዎች፣ ለሚቀጥለው ስብሰባችሁ አጀንዳ ስታዘጋጁ «የሰፈራችን ምርጫ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት። ጠረጴዛውን እኛ እናቶች እናዘጋጃለን፤ ፎርሙን ልጆቻችን ይሞላሉ፤ ቡናውንም እናፈላለን። ከእናንተ የምንፈልገው ፈቃድና አንድ ሰዓት ጊዜ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የእድር አባል
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ